ማሽኑ ሳይሸጥ፦ አንድ የሰፈር ካፌና የቅዳሜ ማታ ጎረቤቶቹ

የካቲት 2017 ዓ.ም. ለሰፈራችን ካፌ ክፉ ወር ነበር። ዓቢይ ጾም በ17 ገባ። ረመዳን ደግሞ በ22 ተከተለው። ክርስቲያኑ ወተት ተወ። ሙስሊሙ መግሪብ እስኪደርስ ውሃም አይቀምስም። ከማኪያቶና ከኬክ የሚኖር ካፌ በእንዲህ ያለው ወር ለማን ይሸጣል?

አንድ ማታ ከሥራ ስመለስ በሩ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። «የቡና ማሽን ይሸጣል» ይላል። ደነገጥኩ። ገባሁ። ቤቱ ባዶ ነው። ባለቤቷ ባንኮኒው ጀርባ ቆማ ብርጭቆ ትወለውላለች። ብርጭቆው ንጹሕ ነበር። እጇ ሥራ እንዳይፈታ ብላ ነው።

«ምነው፣ ምን ተፈጠረ?» አልኳት።

«የኪራይ ቀን ደረሰ እህቴ። እሱን ሸጬ ልክፈል። ከዚያ በኋላ ያለውን እግዜር ያውቃል።»

ይህ ጽሑፍ ከዚያች ማታ እስከ ግንቦት ድረስ የሆነውን ይተርካል። የማንንም ስም አልጠራም። ባለቤቷ ታሪኩ እንዲጻፍ ፈቅዳለች፤ ስሟ እንዲወጣ ግን አልፈለገችም። እኔ እዚያው ብሎክ አራተኛ ፎቅ ላይ የምኖር ጎረቤት ነኝ። ሙያዬ ሒሳብ ሥራ ነው። መጀመሪያ የገባሁበት ግን እንደ ባለሙያ አይደለም። ያቺን ካፌ እወዳታለሁ፤ ስትዘጋ ማየት አልፈለግኩም።

ካፌው ምን ነካው?

ካፌው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ከብሎካችን ሥር ነው። ውስጥ 8 ጠረጴዛ አለው፤ በረንዳው ላይ 3 ይጨመራል። ባለቤቷ ቤይሩት በሰው ቤት ሠርታ ባጠራቀመችው ገንዘብ ነው የከፈተችው። ማሽኗ የጣልያን ነው፤ ያገለገለ ገዝታ አሳድሳዋለች። ከዕቃ ሁሉ የምትሳሳለት እሱን ነው። ጠዋት መጥታ መጀመሪያ የምትጠርገው እሱን፣ ማታ መጨረሻ የምታጠፋውም እሱን።

ጾሙ ነገሩን አባሰው እንጂ አላመጣውም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። ይህ በዜና ስንሰማው ቁጥር ነው። ካፌ ውስጥ ግን የማሽኑ ጎማ ነው፣ የኬኩ ክሬም ነው፣ ዘይቱ ነው። የኤሌክትሪክ ታሪፍም ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ እንዲሄድ ተወስኗል። ማሽኑ ደግሞ ሰው ኖረም አልኖረም ውሃውን አሙቆ መጠበቅ አለበት።

«ቡና አብቃይ አገር ተቀምጠን ቡና እንዴት ይወደዳል?» የሚል ጥያቄ ካፌው ውስጥ ስንቴ ሰምቻለሁ። መልሱ ሩቅ ነው ያለው። በዚያው በየካቲት የአረቢካ ቡና በኒውዮርክ ገበያ በፓውንድ ከ4 ዶላር አልፎ ነበር። ከዚያ በፊት እዚያ ደርሶ አያውቅም። ፓውንድ ደግሞ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ወደ ውጭ የሚሄደው ሲወደድ፣ እዚህ የሚቀረውም አብሮ ይወደዳል። ባለቤቷ ቡና የምታመጣላት ነጋዴ በመጣች ቁጥር ዋጋ ቀይራ ነበር የምትመጣው።

እሷም ማኪያቶው ላይ ሁለት ጊዜ ጨመረች። በጨመረች ቁጥር የምናውቃቸው ፊቶች ጠፉ። ከመግቢያው አጠገብ ረከቦት ዘርግታ ጀበና ቡና የምትሸጥ ልጅ አለች። የእሷ ቡና ዋጋ የማኪያቶውን ግማሽ አይሞላም። ወጣቶቹ ወደ እሷ ሄዱ። በዚህ ማንም ማንንም አልወቀሰም። ልጅቷም እንጀራዋ ነው።

አንድ ሌላ ነገር አለ። ማታ ካፌው የወንዶች ነበር። ኳስ ሲኖር ቴሌቪዥኑ ይከፈታል፣ ድምፁ ይለቀቃል፣ አንድ ሻይ ይዞ ዘጠና ደቂቃ መቀመጥ ነው። እኛ ሴቶቹ ቀን ቀን ጎራ ብንል እንጂ ከመሸ አንገባም። እማማ፣ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት፣ ካፌው ከተከፈተ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ገብተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። «ማን ጠርቶኝ?» አሉ።

ይህ «ማን ጠርቶኝ?» ልቤ ውስጥ ቀረ። በድሮው ሰፈር ቡና ሲፈላ ልጅ ይላካል። «ቡና ጠጡ ትላለች እማዬ» ይባላል። ኮንዶሚኒየም ስንገባ ያ ቀስ እያለ ቀረ። በር ተዘጋ። ደረጃ ላይ ሰላምታ ብቻ ሆነ። የጋራ መገልገያው ቤት፣ ኮሚናል የምንለው፣ ለእርድ፣ ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለለቅሶና ለድግስ ታስቦ የተሠራ ነው። የእኛው ግን ዕቃ ማከማቻ ሆኖ ተከራይቷል። እና የብሎካችን ሰው የሚገናኘው በወር አንዴ ነበር፤ ደረጃ ላይ ቆመን ስለ ውሃ ፓምፕና ስለ ጥበቃ ደሞዝ ስንጨቃጨቅ።

የመጀመሪያዋ ማታ

ለብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሄጄ ነገርኳቸው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። «የዚህ ወር ስብሰባ ካፌው ውስጥ ይሁን። ቁጭ ብለን እናውራ። ሲያልቅም እንቆይ» አልኩ። ጋሼ ትንሽ አሰቡና «የትኛው ሰዓት ለሁሉም ይሆናል?» አሉ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ቀላል አልነበረም።

በዚያ ሰሞን ፀሐይ የምትገባው 12 ሰዓት ከ40 ገደማ ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ያኔ ያፈጥራሉ። ከመግሪብ በኋላ ኢሻና ተራዊህ የሚባሉት የማታ ሶላቶች አሉ። ስለዚህ ሁለት ክፍት ጊዜ ብቻ ነበረን። አንዱ ከፍጥሪያ እስከ ኢሻ ያለው አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። ሌላው ከተራዊህ መልስ፣ ከ3 ሰዓት በኋላ። ሐጂን፣ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩትን፣ ስናማክራቸው «ፍጥሪያውን እዚያው እናድርገው፤ ሰግደን ደግሞ እንመለሳለን» አሉን። የምሽቱ ቅርጽ በዚህች አንድ ቃል ተወሰነ።

ቀጥሎ ምግብ። ሥጋ፣ ቅቤና ወተት አይቻልም። እንቁላል አይቻልም። ማን እንዳለው አላስታውስም፣ ግን አንድ ሰው «የምስር ሳምቡሳ!» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ሳምቡሳ የረመዳን ምግብ ነው። የምስር ሳምቡሳ ደግሞ የጾም ምግብ ነው። ሁለቱም ጾመኛ ያለ አንዳች ጥያቄ የሚበላው ነገር በየጥጉ ሲጠበስ የኖረ ነው፤ እኛ ነን ያላየነው።

ቅዳሜ የካቲት 29 ማታ 31 ሰው መጣ። ወንበር አልበቃንም። ከየቤቱ ዱካ ወረደ። ሐጂ ተምር በሳሕን ይዘው መጡ። ባለቤታቸው ሾርባ በፔርሙስ። እማማ ነጭ ለብሰው፣ በልጅ ልጃቸው ተደግፈው ወረዱ። በሩ ላይ ቆመው ውስጡን አዩና «ይሄ ሁሉ ከእግሬ ሥር ነበር?» አሉ።

ባለቤቷ ከማንም ሳትማከር አንድ ነገር አደረገች። ቴሌቪዥኑን አጠፋች። ወጣቶቹ ሊያጉረመርሙ ነበር፤ በነጋታው እሑድ ማንቸስተርና አርሰናል ስለሚጫወቱ የእነሱ ጠረጴዛ ቀድሞውኑ ግሎ ነበር። ግን ስክሪን ሲጠፋ ክርክሩ ወደ ሰው ዞረ። ጋሼ የድሮ ቡድናቸውን አነሱ። አንደኛ ፎቅ ያለችው ነርስ የአርሰናል ደጋፊ መሆኗን ያኔ ነው ያወቅነው። በዕድሜም በሙያም የማይገናኙ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኙ።

አዛን ሲሰማ ቤቱ ጸጥ አለ። ማንም ዝም በሉ አላለም። ሐጂ በተምር አፈጠሩ። ከዚያ ሳምቡሳው ዞረ።

2 ሰዓት ገደማ ላይ መብራት ጠፋ።

ማሽኑ እየተነፈሰ ቆመ። ባለቤቷ ፊቷ ተለወጠ። ጀበና ቤቷ አስገብታ አታውቅም። ካፌ ማለት ማሽን ነው ብላ ነው የያዘችው፤ ቤይሩት ያየችውም፣ ያለመችውም እሱን ነው። ጨለማው ውስጥ «አሁንስ በቃኝ» ስትል ሰማኋት። ለራሷ ነው ያለችው።

እማማም ሰሟት። የልጅ ልጃቸውን ጠሩ። «ውጣና ጀበናዬን አምጣ። ከሰሉንም፣ ማጨሻውንም። ቡናው አልጋዬ ሥር ነው» አሉ። ከሌላው ቤት ሻማ መጣ። በረንዳው ላይ ከሰል ተያያዘ። እማማ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቡና ቆሉ። ጭሱን በየጠረጴዛው አዞሩልን፤ እያንዳንዳችን በእጃችን ወደ ፊታችን እያመጣን አሸተትን። እጣኑ ገባ። መግቢያው ላይ የምትሸጠዋ ልጅ ደግሞ የእሷን ሲኒዎች በሳፋ ይዛ መጣች። ማንም አልጠራትም። አንድ ጀበና ለ31 ሰው እንደማይበቃ አውቃ ነው።

አቦሉ ሲቀዳ ተራዊህ የሄዱት አልተመለሱም ነበር። ቶናውን ከእነሱ ጋር ጠጣን። እማማ ስለ ድሮ ሰፈራቸው ነገሩን። አራዳ ነው ተወልደው ያደጉት። ስለ ቤቱ አይደለም የሚያወሩት። ግቢው ውስጥ ስለነበረች አንዲት ጎረቤታቸው ነው፤ ቡናዋ እንዴት ቀጭን እንደነበር፣ እሳቸው ግን ሠላሳ ዓመት ሳይናገሩ እንደጠጡላት። ሳቅን። ቀጥሎ እሳቸውም ሳቁ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። በረካው ሲደርስ 4 ሰዓት አልፎ ነበር። ልጆች ወንበር ላይ ተኝተዋል።

እንደዚያ ማታ ደስ ያለኝን ቀን ብፈልግ ብዙ አላገኝም።

ደብተሩ

በነጋታው ከቅዳሴ መልስ የሐጂን ፔርሙስ ልወስድ ወረድኩ። ባለቤቷ ደብተር ከፍታ ተቀምጣለች። «እስኪ ልየው» አልኳት። አሳየችኝ።

14 ሻይ ተሽጧል። 9 የታሸገ ውሃ። መብራት ሳይጠፋ በፊት ጥቂት የማሽን ቡና። በቃ። ሳምቡሳው ከየቤታችን የመጣ ነው። ቡናው የእማማ ነው። ወጪው ግን የእሷ ነው። ለአስተናጋጇ የተጨማሪ ሰዓት፣ ለሳሙና፣ ለስኳር፣ በትርምሱ የተሰበሩ 3 ብርጭቆዎች። ያች ቆንጆ ማታ ካፌዋን አከሰረቻት።

አፈርኩ። ሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ይህን አስቀድሜ አለማየቴ አሳፈረኝ። ወንበር ስለሞላ ብቻ ገንዘብ የገባ መስሎን ነበር። እኛ ቤታችንን ይዘን ሰው ቤት ወረድን። ቤቷን ተጠቀምንበት፤ ንግዷን ግን አልነካነውም።

«መዋጮ እናድርግልሽ?» አልኳት። ቸኩዬ ነው የተናገርኩት። እሷ ደብተሩን ዘጋች።

«እህቴ፣ ለምኜ አላውቅም። ሰው ቤት ሠርቼ እንኳ ለምኜ አላውቅም። ሰው አዝኖልኝ ከሚገባ ባይገባ ይሻለኛል። ደስ ብሎት ከገባ ይግባ። ሲገባ ግን ይክፈለኝ።»

በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ከሰማሁት ቃል ትልቁ ይህ ነው። እኛ ካፌውን ልናድን ነው ብለን ነበር። እሷ ግን የምትፈልገው ደንበኛ ነው። በሰው ኀዘኔታ የሚኖር ቤት ኀዘኔታው ሲደክም ይዘጋል፤ ኀዘኔታ ደግሞ ቶሎ ይደክማል። ደስታ ግን ሰውን ራሱ ይመልሰዋል። ያን ማታ የመጣው ሰው ሁሉ «መቼ ነው የሚደገመው?» እያለ ነበር የወጣው። ስለዚህ ጥያቄው ሰውን እንዴት እናምጣ አልነበረም። የመጣው ሰው ደስታውን ሳያጣ እንዴት ይግዛ፣ እሱ ነበር።

የተቀየረው

ያንኑ እሑድ ከሰዓት አራት ሆነን ተቀመጥን፤ ባለቤቷ፣ ጋሼ፣ የሐጂ ባለቤትና እኔ። ስምምነቱ ብዙ አልነበረም። ከቤት ምግብ አይመጣም፤ ከፍጥሪያ ተምር በስተቀር። ሳምቡሳውን ካፌው ይሠራል። የሐጂ ባለቤት አጠቀላለሉን ለማሳየት ቃል ገባች፤ እጇ የታወቀ ነው። የሚመጣ ሰው ዓርብ ማታ በብሎኩ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይናገራል፤ ሒሳቡንም በቴሌብር አስቀድሞ ይልካል። ይህ የመጨረሻው ለባለቤቷ ትልቅ እፎይታ ሆነ። ዓርብ ማታ ስንት ሰው እንደሚመጣ ካወቀች ቅዳሜ ጠዋት የምትገዛውን ምስርና ዘይት ታውቃለች። ለገበያ የሚሆን ብር ደግሞ እጇ ላይ አለ። አትበደርም፤ የተረፈ ምግብም አትጥልም።

ጀበናው ጉዳይ ግን አከራከረን። ባለቤቷ አልፈለገችም። ጋሼ «መብራት ሲጠፋስ?» አሏት። ዝም አለች። መጨረሻ ላይ የተገኘው መፍትሔ ከራሷ ነው የመጣው። መግቢያው ላይ የምትሸጠዋን ልጅ ጠራቻት። ቅዳሜ ማታ ረከቦቷን በረንዳው ላይ ትዘረጋለች። የጀበናው ሽያጭ የልጅቷ ነው፤ ሳምቡሳው፣ ሻዩ፣ ስፕሪሱና የማሽን ቡናው የካፌው። ልጅቷ ለቦታው ትንሽ ትከፍላለች። እኔ በበኩሌ ይህን የመሰለ ብልህ ውሳኔ ከማንም አልጠበቅኩም ነበር። ሁለት ተፎካካሪዎች አንድ ጣሪያ ሥር ገቡ፤ ሁለቱም ተጠቀሙ።

የቀረው ከባዱ ነገር መክፈል የማይችለው ሰው ነበር። ጥበቃችን አለ። በጡረታ ብቻ የሚኖሩ ሁለት አዛውንት አሉ። ቅድሚያ ክፍያ ስንል እነሱን ከበር እየመለስን ነበር። ይህን ያነሱት እማማ ናቸው። «እኔ ልጄ ይከፍልልኛል፤ የሌለው ማን ይክፈልለት?» አሉ።

መልሱ ባህላችን ውስጥ ነበር። ሒሳብ ለመክፈል ስንነሳ «ተከፍሏል» መባልን የማያውቅ ማን አለ? ከዚያ በኋላ ያለው ትግልስ? «በሞቴ!»፣ «አይሆንም!»፣ እጅ መያያዝ፣ ኪስ መዝጋት። እኛ ያደረግነው ያንን በዝምታ ማድረግ ነው። መክፈል የሚችል ሰው ለራሱ ሲልክ የአንድ ሰው ይጨምራል። ማን እንደጨመረ ባለቤቷ ብቻ ታውቃለች። ለማን እንደሄደም እሷ ብቻ። ለዚህ አዲስ ደብተር አልገዛችም። «የቡና ማሽን ይሸጣል» የሚለውን ወረቀት ከበሩ ላይ አንስታ፣ ገልብጣ፣ ጀርባው ላይ ነጥብ በነጥብ መያዝ ጀመረች።

ሁለተኛዋ ማታ መጋቢት 6 ነበረች። 22 ሰው መጣ፤ ከመጀመሪያዋ ያነሰ። ደብተሩ ግን ሌላ ነገር ተናገረ። ወጪዋን ሸፍና ትርፍ አየች። ብዙ አይደለም። የአስተናጋጇን የሳምንት ደሞዝ ያህል ነው። ሦስተኛዋ ማታ ላይ የሴቶቹ እቁብ ዕጣ እዚያ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ እዚያው ሆኖ ቀረ። እቁብ ቀን አለው፣ ቀጠሮ አለው፣ ሰው አይቀርም። ለካፌ ከዚህ የበለጠ ምን ደንበኛ አለ?

መጋቢት 20 ማታ የረመዳን 29ኛው ቀን ነበር። ያን ማታ ብቻ ቴሌቪዥኑ ተከፈተ። ጨረቃ ታየች ወይስ አልታየችም የሚለውን ሁላችንም እንጠብቃለን፤ ክርስቲያኑም ጭምር። እማማ «ምን አሉ?» እያሉ በየደቂቃው ይጠይቃሉ። ዒድ ነገ ነው ሲባል ልጆቹ ጮሁ። ሐጂ ቆመው ለቤቱ ሁሉ ሻይ አዘዙ። የማሽኑ እንፋሎት ሳያቋርጥ ሠራ። ባለቤቷ ከባንኮኒው ጀርባ ስትስቅ ያኔ ነው ያየኋት፤ ጥርሷ እንደሚያምር እስከዚያ አላወቅኩም ነበር።

ኪራዩ

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብኝ። የቅዳሜ ማታ ትርፍ ኪራይ አይከፍልም። በሳምንት አንድ ጥሩ ማታ የስድስት ቀን ባዶ ቤት አይሸፍንም። ቅዳሜዎቹ ያመጡት ሌላ ነገር ነው። አንዴ የገባ ሰው ማክሰኞም ይገባል። ነርሷ ከሌሊት ተራ ስትመለስ ቁርስ እዚያ ትበላለች። ጋሼ ጋዜጣቸውን እዚያ ያነባሉ። የጾም ማኪያቶ፣ በሶያ ወተት የሚሠራው፣ የተለመደው በእነሱ ነው። ይህ በደብተሩ ላይ ቀስ እያለ ታየ።

ባለ ንብረቱ ግን ቀስ ብሎ አይጠብቅም። ቤቱ የግለሰብ ነው፤ ሰውየው እዚህ አይኖሩም። የሚያስከፍሉት የስድስት ወር ቅድሚያ ነበር። በ2016 የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ለመኖሪያ ቤት እንጂ ለንግድ ቤት አይደለም። ስለዚህ በሕግ የምትጠይቀው ነገር የለም። ማሽኑን ልትሸጥ የነበረችው ለዚሁ ለስድስት ወር ክፍያ ነው።

ጋሼ፣ ሐጂና አንድ ሌላ አዛውንት ሽማግሌ ሆነው ሄዱ። ኪራይ ቀንሱ አላሉም። ሐጂ ነጋዴ ናቸው፤ የነጋዴን ጆሮ ያውቃሉ። ይዘው የሄዱት የእኔን የአምስት ሳምንት ሒሳብ ነው፤ ከዚያ ላይ ቤቱ እየተነሳ እንደሆነ አሳዩ። የጠየቁት የስድስት ወሩ በየወሩ እንዲሆን ብቻ ነው። ሰውየው ሁለት ሳምንት አሰቡበት። ከዚያ እስከ ሐምሌ በየወሩ እንዲሆን ተስማሙ። ሐምሌ ላይ ውሉ ሲታደስ እንደገና እንነጋገር አሉ።

በእኔ ግምት ማሽኑን ያዳነው ይህ ነው። ሽማግሌዎቹ ግን ያለ ቅዳሜዎቹ አይሄዱም ነበር። ሐጂና ጋሼ ከየካቲት በፊት ከሰላምታ ያለፈ ንግግር አልነበራቸውም።

እስከ ግንቦት

ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ። በዋዜማው፣ በቀዳም ስዑር፣ ቅዳሜ ማታ አልነበረም። በሳምንቱ ተመለስን። ወተት ተመልሷል። ያን ማታ ያየሁትን የማኪያቶ ብዛት ከዚያ በፊት አላየሁም። «ጠቆር ይበል»፣ «ነጣ ይበል»፣ «ወተቱ ይብዛ»፤ ማሽኑ ላይ ያለው ልጅ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። ሳምቡሳው ግን አልቀረም። አሁን በሥጋም በምስርም አለ።

ያልተፈታ ነገር አለ። ወጣቶቹ ከመጀመሪያዋ ማታ በኋላ ቀንሰዋል። ቴሌቪዥን ሲጠፋ እነሱም ይጠፋሉ። እሑድ የእነሱ ይሁን፣ ኳስ ይከፈት፣ ከሻይ ጋር አንድ ነገር ማዘዝ ግዴታ ይሁን ብለናል፤ እየሞከርነው ነው። መጋቢት ላይ ከየብሎኩ ሰው መምጣት ሲጀምር የእኛ ብሎክ ሰዎች ወንበር አጣን ብለው ቅር ተሰኙ። ያንንም ገና አልፈታነውም። እኔ የሌላው ብሎክ ሰው ይምጣ ባይ ነኝ። እማማ ግን «ቅድሚያ ለጎረቤት» ይላሉ፤ እሳቸውን ተከራክሮ የሚያሸንፍ የለም።

ይህን ስጽፍ ግንቦት 2017 ነው። ክረምት ሲገባ በረንዳው አይቀመጡበትም፤ 3 ጠረጴዛ ይቀንሳል። ባለቤቷ የላስቲክ መጋረጃ ዋጋ እያጠያየቀች ነው። የውሉን ነገር ሐምሌ ላይ እናየዋለን፤ ሐጂና ጋሼ ከአሁኑ ቀን ይዘዋል። በሚመጣው ቅዳሜ 26 ሰው አስቀድሞ ከፍሏል። ወረቀቱ ጀርባ ላይ ደግሞ 5 ነጥብ አለ።